በግቢያችን ያለው ትልቅ ዋንዛ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?

ጥያቄው፦ «ጅማ፣ ጊንጆ አካባቢ፣ ከአባታችን በወረስነው ግቢ ውስጥ ትልቅ ዋንዛ አለ። ግንዱ ደረት ላይ ዙሪያው ሲለካ 3 ሜትር ከ40 ነው። ከግንዱ 4 ሜትር ያህል ርቆ የጎረቤታችን የሐጂ አጥር ይጀምራል። ሐጂ የዛፉ ሥር አጥሬን ሰነጠቀው ይላሉ፤ በዚያው አጥር ጥግ ፎቅ ለመሥራትም መሠረት ሊያስቆፍሩ ነው። ክረምት ሲመጣ ቅርንጫፉ እኛንም ያስፈራናል። በዚህ መሃል አንድ የጣውላ ነጋዴ በቁሙ ልግዛው፣ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ ብሎ መጣ። ወንድሜ ይሸጥ ይላል፤ እናቴ በሕይወት እያለሁ አይነካም ብላለች። ውጭ አገር በገዛ ግቢ ያለ ትልቅ ዛፍ እንኳ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ አለ? ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ከጻፉልኝ ሁሉ የሚያስቸኩለው የሐጂ መሠረት ነው። ነጋዴው ሊጠብቅ ይችላል፤ ዋንዛ ፈላጊ ጅማ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። በወንድምዎና በእናትዎ መካከል ያለውም በጊዜው ይበርዳል። የተቆረጠ ሥር ግን መልሶ አይቀጠልም። የጠየቁኝ ስለ ሕግ ስለሆነ ግን ከሕጉ ልጀምር።

በፌዴራል ደረጃ ያለው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ከእሱ በፊት 542/1999 ነበረ፤ ከዚያም በፊት 94/1986። «ዋንዛ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው» የሚለው አባባል በሰው ጆሮ የቀረው ከዚህ ከጥንቱ አዋጅ ይመስለኛል፤ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነገረው ስለ ደን እንደነበር ልብ ይበሉ። ደን ምን እንደሆነ ደግሞ አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. የተቀበለችው መለኪያ አለ፦ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ የአናታቸው ሽፋን ቢያንስ 20 በመቶ። አንድ ዋንዛ የፈለገውን ያህል ቢያጠላ በዚህ መለኪያ ደን አይባልም። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የደን አዋጅ ቁጥር 72 አውጥቷል፤ የእሱም ዋና ጭንቀት እንደ በለጠ ጌራ ያሉት ደኖች እንጂ የጊንጆ ግቢዎች አይደሉም።

በእኔ ንባብ የደን ሕጋችን የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ ደኑን በቆመበት፣ እንጨቱን በመንገድ ላይ። ከተማ ውስጥ ለብቻው የቆመ ሽማግሌ ዛፍ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በፌዴራል አዋጆቹ ውስጥ «ግንዱ ከዚህ ውፍረት ያለፈ የግቢ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም» የሚል ድንጋጌ አያገኙም። ከዚያ በታች የከተማ አስተዳደር መመሪያና የቀበሌ አሠራር አለ። ይህኛው ሹም ሲለወጥ የሚለወጥ ስለሆነ በቃል የሚነግሩዎትን ይዘው እንዳይሄዱ፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሰጥዎ። «ቁረጡት፣ ማንም አይጠይቃችሁም» ያለ የቀበሌ ሠራተኛ ነገር ሲመጣ በቦታው አይገኝም።

ዛፉ የማን ነው የሚለውም ሳይነሣ አይታለፍም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው ይላል፤ መሸጥንም፣ ማውረስንም፣ ማንሣትንም ይጨምራል። አባትዎ ተክለውት ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ነገር ግን 3 ሜትር ከ40 የደረሰ ዋንዛ ከቤቱም ከይዞታ ወረቀቱም ሊቀድም ይችላል። ጅማ ከሂርማታ ገበያ ተነሥታ ወደ ጊንጆ፣ ወደ ቦሳ፣ ወደ ሰቶ ሰመሮ ስትሰፋ የዋጠችው ብዙ የቡና መሬት ነው። ቡናው ተነቀለ፣ ጥላው ቀረ። ዛሬ በየግቢውና በየትምህርት ቤቱ ከምናያቸው ዋንዛዎች፣ ሳሳዎችና ብርብራዎች ብዙዎቹን የተከላቸው ሰው የለም፤ ሳይቆርጣቸው ያለፈ ሰው ግን አለ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ሆኖም ከመሬት አስተዳደር ሰዎች ጋር በተከራከርኩ ቁጥር የምለው፣ አንድን ዛፍ በሁለት ትውልድ ዕድሜ ጠብቆ ማቆየት ራሱ ጉልበት ነው፣ በ«መሻሻል» ሊቆጠር ይገባል ነው። የሚስማሙ አሉ፣ የሚስቁም አሉ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ዛፉን ከወዲሁ በፎቶና በልኬት መመዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በላዩ ላለ ንብረት ካሳ ይከፈላል፤ በንብረት ቆጠራው ላይ ዛፍም ይገባልና ዋንዛው በቆጣሪው ዓይን ብቻ መመዝገብ የለበትም።

ሐጂ ሊያስቆርጡዎ ይችላሉ ወይ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዝዛል። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ ይላል። የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ ተነግሮዎ ዝም ብለው ወድቆ ሰው ቢጎዳ «ከላይ የመጣ ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣዎትም። ሁለቱ አንቀጾች ግን ለሁለቱም ወገን የተሳሉ ናቸው። ሐጂ በገዛ ግቢያቸው የሚያስቆፍሩት ጉድጓድ የእርስዎን ዛፍ መያዣ ሥር ቆርጦ ዛፉ በእናትዎ ቤት ላይ ቢጋደም፣ ጎረቤቱን የጎዳው ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት መጠየቁ አይቀርም። ይህን ለማስፈራሪያ ሳይሆን ለሽምግልናው መነሻ ያድርጉት፤ ሁለታችሁም የምታጡት ነገር እንዳለ ሲታወቅ ወሬው ይለዝባል።

ነጋዴውን በተመለከተ። ዋንዛ ለምን እንደሚፈለግ ለጅማ ሰው አይነገርም፤ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ከእሱ ነው። ለመጋዝም ለመላጊያም የሚመች፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ነው። ችግሩ እንጨቱ ከግቢዎ በር ሲወጣ ይጀምራል። የደን ውጤት ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኬላ ላይ የተያዘ መኪና «ከየት የመጣ ነው?» ሲባል የሚጠራው የእርስዎ ስም ነው። «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ደግሞ በእርስዎ አንድ ዛፍ ስም በወጣ ወረቀት ከጫካ የመጣ ሌላ ግንድም ሊጭንበት ይችላል። ወንድምዎ መሸጥን ካልተዉ እንኳ በቁሙ አይሽጡ፤ ፈቃዱ በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ እጅ ይውጣ፣ የእንጨቱ መጠን ተለክቶ ይጻፍበት። እኔን ከጠየቁኝ ግን አይሽጡ። ጤነኛ ሽማግሌ ዋንዛ የሚያወጣው ዋጋ በሁለት ክረምት የቤት ወጪ ያልቃል።

ስለ ውጭ አገር የሰሙት እውነት ነው። በርሊን ውስጥ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ ዙሪያው 80 ሴንቲ ሜትር የሞላ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ በግል ግቢም ቢሆን የተጠበቀ ነው፤ የእርስዎ ዋንዛ ከዚያ መለኪያ አራት እጥፍ በላይ ነው። ሲንጋፖር ለዛፍ ጥበቃ በተከለሉ ሰፈሮች ዙሪያው ከ1 ሜትር ያለፈውን ዛፍ ያለ ፈቃድ አታስቆርጥም። የአሜሪካዋ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2023 ደንቧን አጥብቃ የግንድ ስፋታቸው ወደ 61 ሴንቲ ሜትር የደረሱትን ከፍ ባለ እርከን አስቀምጣለች። እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢው አስተዳደር አንዲትን ዛፍ በስም ለይቶ የጥበቃ ትእዛዝ ሊያወጣላት ይችላል፤ በቅርስነት በተያዙ ሰፈሮች ደግሞ ባለቤቱ መቁረጥ ሲያስብ ከስድስት ሳምንት በፊት ማሳወቅ አለበት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን የስድስት ሳምንቱን ነው። አስተዳደሩን ብዙ ወጪ አያስወጣውም፤ መጥቶ የሚያይ ሰው እንዲኖር ጊዜ ይሰጣል፤ በንዴት የተነሣ መጥረቢያም በስድስት ሳምንት ውስጥ ይቀዘቅዛል።

ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን የናይሮቢው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዌስትላንድስ በኩል ለሚያልፈው የፍጥነት መንገድ አንድ መቶ ዓመት ገደማ የሚገመት የሾላ ዘመድ ሊቆረጥ ሲል የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጮኹ፤ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታም እንዲጠበቅ ድንጋጌ አወጡ። ዛፉ ተረፈ፣ ዓለምም አጨበጨበ። እኔን ያሳሰበኝ ግን አንድ ዛፍ ለማዳን የርእሰ ብሔር ፊርማ ማስፈለጉ ነው። ለጊንጆው ዋንዛ ፕሬዚዳንት አይመጣም። በዘፈቀደ የሚሰጥ ምሕረት ሕግ አይባልም፤ በሚቀጥለው መንገድ ላይ ያለው ዛፍ ጩኸቱን ካላገኘ ይወድቃል።

በእኛ አካባቢ ያለው ጥንታዊ ጥበቃ ደግሞ እንደ ዛፉ ዓይነት ያዳላል። ኦዳ በኦሮሞ ዘንድ የጉባኤና የሕግ ዛፍ ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ዓርማ ላይም አለ፣ በጅማ ዞን ያለው ኦዳ ሁሌ ስሙን የያዘው ከእሱ ነው። ኦዳን ለመቁረጥ የሚነሣ ሰው ከሕጉ በፊት ሽማግሌዎች ይጠብቁታል። ዋንዛ እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም፤ የተከበረው ለጣውላው ነውና ክብሩም ሲወድቅ የሚጀምር ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር እንደ ምሰሶ ቁልቁል የሚወርድ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ባለሙያዎች የምንጠቀምበት ግምታዊ መለኪያ የግንዱን ስፋት በ12 ማባዛት ነው። የእርስዎ ዛፍ ዙሪያው 3 ሜትር ከ40 ከሆነ ስፋቱ 1 ሜትር ከ8 ሴንቲ ገደማ ነው፤ በ12 ሲባዛ ከግንዱ በየአቅጣጫው 13 ሜትር ያህል ይመጣል። በዚህ ክልል ውስጥ የሚደረግ ማንኛውም ቁፋሮ ዛፉን ይነካዋል። ከዚያም የበለጠ አደገኛ የሆነው ውስጠኛው ክልል ከግንዱ 3 ሜትር አካባቢ ድረስ ያለው ነው፤ እዚያ ያሉት ወፍራም ሥሮች ውኃ ከመሳብ ይልቅ ዛፉን በመሬት ላይ ያቆሙታል። የሐጂ አጥር በ4 ሜትር ላይ ነው። አጥሩን ተከትሎ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ተከታታይ የድንጋይ መሠረት ቢቆፈር፣ በዚያ በኩል ያለው መጋቢ ሥር በሙሉ ይቆረጣል፤ ቆፋሪው ትንሽ ወደ እናንተ ካዘነበለም መያዣውን ይነካዋል።

ክፋቱ ዛፉ ወዲያው አለመሞቱ ነው። ግንዱ ውስጥ ያከማቸውን ስንቅ እየበላ አንድ ሁለት ዓመት ለምለም ሆኖ ይታያል። ፎቁ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ተከራይ ከገባ በኋላ፣ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ክረምት ከአናቱ ጀምሮ መድረቅ ይይዛል። ያኔ «ዛፉ አርጅቶ ነው» ይባላል። በዚህች ከተማ አርጅተው ሞቱ ከተባሉ ትልልቅ ዛፎች መካከል ስንቶቹ የተሞላባቸው አፈር፣ እስከ ግንዳቸው የተነጠፈባቸው ሲሚንቶ ወይም ከሥራቸው የተቦካው ኮንክሪት እንደገደላቸው ለማየት ከግንዱ ግርጌ አንድ አካፋ አፈር ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ጤነኛ ዛፍ ግርጌው ላይ ይሰፋል፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መሬት የሚገባ ግንድ ካዩ አፈር ተሞልቶበታል።

ሐጂ ፎቃቸውን መሥራት የለባቸውም እያልኩ አይደለም። ከሙያተኛ ጋር ቢመካከሩ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። በዛፉ በኩል ባለው ጎን ተከታታይ መሠረት በመጣል ፈንታ ነጠላ ፉቲንግ (በየምሰሶው ሥር ለብቻው የሚጣል መሠረት) ተጥሎ በመካከላቸው ያለው ጭነት በግሬድ ቢም (ፉቲንጎቹን በሚያያይዝ የኮንክሪት አግዳሚ) ቢያልፍ፣ ከሥሩ የሚነካው ጉድጓዱ የሚወርድበት ቦታ ብቻ ይሆናል። ፉቲንጎቹ የሚያርፉበት ቦታ በእጅ ተቆፍሮ ይፈተሽ፤ ከአውራ ጣት የወፈረ ሥር ካጋጠመ ፉቲንጉ ወደ ጎን ሊገፋ ይችላል። የግድ የሚቆረጥ ሥር ካለ በመጋዝ ንጹሕ ሆኖ ይቆረጥ፤ ኤክስካቫተር ጎትቶ የበጠሰው ሥር ወደ ውስጥ እየተሰነጠቀ ይበሰብሳል። ሴፕቲክ ታንክና የፍሳሽ መስመር በሌላኛው ጎን ይሁኑ። አሸዋ፣ ድንጋይና የሲሚንቶ እጣቢ በእናንተ በኩል እንዳይከመር አጥሩ ራሱ ይጠብቃችኋል፤ በእሳቸው በኩል ግን ቃል መግባት አለባቸው። የአርክቴክቱ ፕላን ላይ ሕንፃው ሁለት ሜትር እንኳ ወደ ውስጥ ቢሸሽ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ፎቁም ለዘላለሙ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያገኛል። የጅማ ሰው የጥላን ዋጋ ከቡና ያውቀዋል።

ስለ ተሰነጠቀው አጥር። ሥሩ ነው ከማለትዎ በፊት አፈሩን ይዩ። የጅማ ዳገታማ ሰፈሮች ጥልቅ ቀይ አፈር አላቸው፤ ወደ አዌቱ ወንዝና ወደ ቦዬ ረግረግ ሲወረድ ጥቁር አፈር ይመጣል። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ማንም ሥር ሳይነካው ግንብ ያናጋል። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሚዘንብባት ከተማ፣ መሠረቱ ጥልቀት የሌለውና ውኃ ማፍሰሻ ያልተተወለት የድንጋይ አጥርም በራሱ ጊዜ ይዘምማል። ሥር የገፋው አጥር በአንድ ቦታ ከታች ወደ ላይ ተነሥቶ ይታያል፤ ስንጥቁም ከዚያ እብጠት ላይ ይጀምራል። ከአጥሩ ሥር ግማሽ ሜትር በእጅ ቆፍሮ ማየት የአንድ ረፋድ ሥራ ነው፤ ሐጂም፣ እናንተም፣ አንድ ግንበኛም ቆማችሁ እዩት። ሥር ከተገኘ አጥሩን በዚያ ቦታ ሁለት ሜትር ያህል አፍርሶ በሥሩ ላይ እንደ ድልድይ የሚያልፍ ቢም ማድረግ ይቻላል፤ ወጪውንም በበኩሌ የዛፉ ባለቤት ቢሸፍነው ይሻላል እላለሁ። ለሰላም ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህ ርካሹ ነው።

ክረምት ሲመጣ የሚይዛችሁ ፍርሃት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ፍርሃት ብቻውን ግን መጥረቢያ ለማንሣት አይበቃም። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ ቅርንጫፉ ገሃድ ይወጣል፤ ያኔ ከሥር ቆመው ቀና ብለው ይመልከቱ። የደረቀው፣ የተሰነጠቀው፣ ሁለት እኩል ግንድ ሆኖ በመካከሉ ቅርፊት የዋጠው መጋጠሚያ ይለያል። ግርጌው ላይ እንጉዳይ ከበቀለ ሥሩ ወይም ግርጌው መበስበስ መጀመሩን ይጠርጥሩ። ግንዱን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቢመቱት ክፍት የሆነው ቦታ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ባዶነት ብቻውን ግን የሞት ፍርድ አይደለም፤ ከግንዱ መሃል እስከ ቅርፊቱ ካለው ርቀት ሲሦው ያህል ጤነኛ እንጨት ዙሪያውን ከቀረ ብዙውን ጊዜ ግንዱ ይሸከማል። ከልጅነትዎ ጀምሮ ዘምሞ የኖረ ዛፍም ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው አምና ቀጥ ብሎ ዘንድሮ የዘመመ፣ ከዘመመበት በተቃራኒ በኩል አፈሩ የተሰነጠቀና የተነሣ ነው። ይህን ካዩ ዛሬውኑ ከሥሩ ሰው ያርቁ፣ ባለሙያ ይጥሩ፤ እናትዎንም በዚያን ጊዜ ብቻ አሳምኗቸው።

ዛፉ ጤነኛ ከሆነ መከርከም በቂ ነው። ግን ማን እንደሚከረክመው ይጠንቀቁ። ቆንጨራና መጋዝ ይዘው በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች የሚያውቁት አናቱን መቁረጥ ነው፤ ሥራው በዓይን ይታያል፣ ገንዘብ ይከፈልበታል። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከየቁስሉ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል፤ እነዚያ ቡቃያዎች ከላይ ብቻ ተጣብቀው ስለሚያድጉ ከዓመታት በኋላ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከሕያው አናቱ ሩብ በላይ አይነሣ። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከመነሻው ባለው እብጠት ውጭ ይቆረጥ፤ ወደ ግንዱ ተልጦ እንዳይወርድ መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ ይገመስ። ቁስሉ ላይ ሬንጅም፣ የተቃጠለ ዘይትም፣ ቀለምም አይቀባ፤ ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው ከውስጥ ነው። ሥራው ዝናቡ ሳይጠነክር በበጋ ይሁን። በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ ግን እናንተም ልጆቹም አትንኩት፤ መስመሩ እንዲቋረጥ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።

ከተማችን ምን ዓይነት ደንብ ቢኖራት ይሻላል የሚለውን ባይጠይቁኝም ልናገር፤ አጋጣሚውን አልለቀውም። ለሽማግሌ ዛፎች አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ፤ የሕንፃ አዋጅም አለ። የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሠራ ትልልቆቹ ዛፎች በነጥብ ምልክት ቢደረግባቸው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በሳይት ፕላኑ ላይ በራሱና በአጎራባች ግቢ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች እንዲያሳይ ቢገደድ፣ ፈቃድ ሰጪው መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ያየዋል። አሁን ግን ዛፉ ወረቀት ላይ ስለሌለ ለመሐንዲሱ የለም። የኮሪደር ሥራ በሚሠራባቸው መንገዶችም ጉዳዩ ያው ነው፤ ቱቦው የሚያልፍበት መስመር ሲሰመር ሥሩ ካልታየ፣ በኋላ የተረፈ ዛፍ የተረፈው በስም ብቻ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁንና አንድ ሽማግሌ ዋንዛ ቆርጦ አሥር ችግኝ ተክያለሁ የሚል ሰው ሂሳቡን ከልጅ ልጆቹ ተበድሮ ነው።

መከልከል ብቻውን ግን አያድንም፤ ይህን ለደን ባልደረቦቼም ደጋግሜ እላለሁ። ዋንዛ ወፍ ዘርቶት በየጓሮው በራሱ ይበቅላል። ባለቤቱ «ነገ ሲያድግ የመንግሥት ነው፣ ልቁረጠው ብል ቢሮ ለቢሮ ያንከራትቱኛል» ካለ በለጋነቱ ይነቅለውና ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ይተክላል። ለደረቀ ዛፍ ፈቃድ ቶሎ ይገኛል ከተባለም ዛፉ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዙሪያውን ቅርፊቱ ይላጣል፣ ግርጌው ላይ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከዚያ «በራሱ ደረቀ» ተብሎ ማመልከቻ ይገባል። የሚሠራ ደንብ ሽማግሌ ዛፍ ያቆየውን ሰው መጥቀም አለበት፦ ከግብር ትንሽ ይቀነስለት፣ ወይም በሌላኛው የግቢው ጥግ ወደ ወሰን ጠጋ ብሎ እንዲሠራ ይፈቀድለት፣ ባለሙያም በነጻ ይላክለት። ዛፉ በእውነት ዕድሜውን ጨርሶ ሲወድቅ ደግሞ ጣውላው ያለ ጭቅጭቅ የእሱ ይሁን።

በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩት እንግዲህ ይህ ነው። ዛፉን ከአራት በኩል ፎቶ ያንሡ፤ ዙሪያውን፣ ከአጥሩና ከቤቱ ያለውን ርቀት ይለኩ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉት። በከተማው አስተዳደር ለአረንጓዴ ልማትና ለግንባታ ፈቃድ ክፍሎች አንድ ገጽ ማመልከቻ ያስገቡ፤ በማመልከቻው ዛፉን ማቆየት እንደሚፈልጉ፣ በአጠገቡ ግንባታ ሊጀመር እንደሆነና ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ ይጠይቁ። ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያስመቱ እንዳይመለሱ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ዛፍና አፈር የሚያውቁ መምህራን አሉ፤ መጥታችሁ እዩልን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ ሐጂን በሰፈር ሽማግሌ ፊት ያነጋግሩ፣ ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ የአጥሩን ጥገና እኛ እናደርጋለን፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ ከፋሲካ በፊት እናስነሣለን ብለው ይጀምሩ። ከእሳቸው የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ በዛፉ በኩል ነጠላ ፉቲንግ፣ በእጅ ቁፋሮ፣ ጉድጓዱ ሲከፈት እናንተ እንድትገኙ። ከተስማሙ ርቀቶቹ በሜትር ይጻፉ፣ ምስክሮች ይፈርሙ፣ አንዱ ቅጂ ሐጂ ከሚያስጸድቁት ፕላን ጋር ይያያዝ።